ጠላን በጠርሙስ ስለ መክተትና ስለ ማስቀመጥ

ለደቦ፣ ለማኅበር ወይም ለበዓል የተጠመቀ ጠላ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ተጠጥቶ አያልቅም። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ የቀረው በጥቂት ቀን ውስጥ ይኮመጥጥና ስንት ቁና እህል የወጣበት ነገር ከአተላው ጋር ይደፋል። ከጠላው ጥቂቱን አስቀድሞ በጠርሙስ ማስቀመጥ ይህን ጥፋት ይቀንሳል። ዳሩ ግን ሳያውቁ የከተቱት ጠርሙስ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ጀማሪዎች ቀጥሎ ያለውን በጥሞና እንድታነቡ ያስፈልጋል።

ጠላ ስለ ምን ይኮመጥጣል?

በጥንስሱ ውስጥ እርሾ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። እነዚህም ከእህሉና ከብቅሉ የሚገኘውን ስኳር እየበሉ አልኮልና ጋዝ ይሠራሉ። የምታዩት አረፋ ከዚሁ ጋዝ የመጣ ነው። ሌሎች ተሐዋስያን ደግሞ አየር ባገኙ ጊዜ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ቢራ የሚበላሸው በእንዲህ ያሉ ተሐዋስያን መሆኑን አስረድቷል። እናቶቻችንም የጋኑን አፍ መርገው የሚያቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጋን በተቀዳ ቁጥር አየር ይገባዋል፤ ጠላው በጠርሙስ ከሆነ ግን አንዱ ሲከፈት ሌላው እንደ ታሸገ ይቆያል።

መቼ ይከተታል?

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ጠላው መፍላቱን ሳይጨርስ ከታሸገ ጋዙ መውጫ ያጣና ጠርሙሱን ይሰብራል። ከምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጠርሙስ ሌሊት ፈንድቶ ስባሪው በመደቡ ላይ ተበትኖ አይቻለሁ። በዚያ ሌሊት ልጆቹ በመደቡ ላይ ስላልተኙ እንጂ ጉዳቱ ከባድ በሆነ ነበር።

መፍላቱን የጨረሰ ጠላ አረፋው ይወርዳል፣ አተላው ይዘቅጣል፣ መልኩ ይጠራል፤ ሲቀመስም ጣፋጭነት የለውም። ጉሽ ፈጽሞ አይከተትም። ጥርጥር ካላችሁ ከጋኑ ጠጡት እንጂ አትክተቱት።

አሠራሩ

1ኛ. ወፍራም የቢራ ጠርሙስ ምረጡ። ስስ ወይም የተሰነጠቀ ጠርሙስ አይሆንም። የተባይ መድኃኒት ወይም ላምባ የነበረበት ጠርሙስ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሁን።

2ኛ. ጠርሙሱን በሙቅ ውሃና በብሩሽ አጥባችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ ከዚያም ደፍታችሁ አንጠፍጥፉት። ቡሹን በውሃ ቀቅሉት።

3ኛ. ጋኑ በተከፈተ ዕለት፣ እንግዳ ሳይቀዳለት፣ ከላይ የጠራውን በቀስታ ቅዱ። አተላው እንዳይናወጥ ተጠንቀቁ። በታጠበ ጨርቅ አጥልሉትና በማንቆርቆሪያ፣ የጠርሙሱን ግድግዳ እያስነካችሁ በዝግታ ሙሉት።

4ኛ. ከአፉ በታች ሁለት ጣት ያህል ቦታ ተዉና በቡሽ ክደኑት። ጀማሪ ቡሹን በሽቦ አይሰር፤ ጋዙ ቢበዛ ጠርሙሱ ከሚሰበር ቡሹ ቢዘል ይሻላል። ስኳርም አይጨመርበት።

5ኛ. ከዚያው ጠላ በአንድ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጡ። በየቀኑ በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ካገኛችሁት በሌሎቹም ውስጥ ጋዝ በዝቷልና ሁሉንም አስተንፍሱ። ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ አፉን ከፊታችሁ አዙራችሁ ክፈቱ።

አቀማመጥ

ጠርሙሶቹን አቁማችሁ በሣጥን ውስጥ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ቦታ አኑሩ። ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከልጆች እጅ ይራቁ። ሣጥኑን በጆንያ ሸፍኑት።

ጠርሙስ መክተት ጠላውን ለወራት ያቆየዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ያለ አየር የሚያኮመጥጡ ተሐዋስያንም ስላሉ ጣዕሙ እየቆየ ይለወጣል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንዱን እየከፈታችሁ ቅመሱ፤ መኮምጠጥ ከጀመረ የቀረውን ቶሎ ጨርሱት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከስድስት ጠርሙስ አታብልጡ። የተከተተበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ስድስቱ ሳይፈነዱና ሳይኮመጥጡ ከቆዩላችሁ፣ በሚቀጥለው ድግስ ቁጥሩን መጨመር ትችላላችሁ።