ስንጥቁ ምን ይናገራል?
ቤት ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ የመሐንዲስ ምርመራ

ቤት ገዢ ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው የቦታውን ስፋት፣ የመንገዱን ቅርበትና የካርታውን ትክክለኛነት ነው። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ቢያይ ሻጩ «የልስን ነው» ይለዋል፤ እርሱም ማመን ስለሚፈልግ ያምናል። እኔም ፊዚክስ እያስተማርኩ በዚሁ ወጥመድ ልወድቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር በምሥራቅ አዲስ አበባ አንድ ቤት መርጠን፣ የአሥራ አምስት ዓመት ቁጠባችንን ይዘን ቀብድ ለመክፈል ተዘጋጀን። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ደረጃ ሠርቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ግን ነበረ። በቀትር በእጄ ቁመት ስለካው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሆነ። ወዲያው ስሌት ጀመርኩ፦ ኮንክሪት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ ከርዝመቱ 10 ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ስለዚህ 6 ሜትር ግድግዳ በ20 ዲግሪ ለውጥ 1.2 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ቁጥሮቹ ስለተቀራረቡ «የሙቀት ነው» ብዬ ደመደምኩ። «የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየው አንድ ብር አንከፍልም» ያለችው ባለቤቴ ናት።

መሐንዲሱ በመጀመሪያ የጠየቁት መሰላል ነበር። ስንጥቁ ከላይ 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ቀጥለውም፣ «ዶክተር፣ ግድግዳው ሞቆ ሲረዝም ስንጥቁ መጥበብ ነበረበት፤ እርስዎ የለኩት በቀትር አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ለተማሪዎቼ ዘወትር የምነግራቸውን ረስቼ ነበር፤ የቁጥሮች መግጠም ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

ስንጥቁ ለምን ሰያፍ ሆነ?

ኮንክሪትና ብሎኬት ሲጫኗቸው ብርቱ፣ ሲስቧቸው ደካማ ናቸው። የኮንክሪት ስበትን የመቋቋም አቅም ጭነትን ከሚቋቋምበት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። የቤቱ አንድ ጥግ ሲሰምጥ ግድግዳው በጎኑ እንደ ተገፋ ካርቶን ይጣመማል፤ አንዱ ሰያፍ ይጨመቃል፣ ሌላው ይለጠጣል። ስንጥቁ ለሚለጠጠው መስመር ቀጤ ነክ ሆኖ ይከፈታል። ጫናው የሚበረታው በመስኮትና በበር ማዕዘን ስለሆነ መነሻው በአብዛኛው እዚያ ነው።

ጥፋቱ ያለው ግን ከሥር ነው። በአዲስ አበባ ብዙ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በሥሥ ንጣፎቹ መካከል ውኃ የሚያስገባ የሸክላ ማዕድን አለው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። በወለሉ የተሸፈነው መካከለኛ ክፍል እርጥበቱ ብዙም ሳይለዋወጥ፣ ለዝናብና ለፀሐይ የተጋለጠው ዳር ከእርሱ ይበልጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ ቤቱ እኩል አይነሣም፣ እኩልም አይወርድም። አጠገቡ ያለ ባሕር ዛፍ ውኃውን በመምጠጥ ነገሩን ያባብሳል።

ምርመራው ምን ይጨምራል?

መሐንዲሱ በሩ እንዳይገጥም ሆኖ መላጉን አሳዩን፤ በውኃ ልክ የወለሉን ዝቅታ ለኩ፤ ስንጥቁ በብሎኬቱ ብቻ ይቁም ወይም ወደ ምሰሶው ይለፍ መረመሩ። በመጨረሻም በሻጩ ፈቃድ ከመሠረቱ አጠገብ ጉድጓድ ተቆፈረ። መሠረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በጥቁሩ አፈር ውስጥ ቆሞ ነበር። የጥገናው ግምት ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ተውነው።

ስንጥቅ ሁሉ አደጋ አይደለም። በብሪታንያ በተለመደው ምደባ እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስንጥቅ በቀለም ዕድሳት የሚሸፈን ነው፤ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያለው በርና መስኮት ያጣብቃል። ከስፋቱ ይልቅ ግን ወሳኙ እንቅስቃሴው ነው። በስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ቀላል መሣሪያ ነው፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ መሐንዲሱን የምትመርጡት እናንተ እንጂ ሻጩ ወይም ደላላው አይሁን። የግንባታውን ፕላን ጠይቁ፤ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ሁሉም ከቀብዱ በፊት ይፈጸም። በቅርቡ በዚያ ቤት በኩል ሳልፍ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ አየሁት። አፈሩ ግን ያው ነው።