ኮምፒውተር ሲነቃ

ኮምፒውተር ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ የተጻፈውን ፈርምዌር ነው። ይኸውም ሜሞሪውንና ሌላውን ዕቃ አሰናድቶ ሥራውን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል።

ባለፈው ክረምት ሰበታ ቤታችን የአባቴን ኮምፒውተር ፈርምዌር ስለውጥ መብራት ጠፋ፤ ጽሑፉ ተጋመሰ፤ ኮምፒውተሩም አልነቃ አለ።

ከዚያ ወዲህ የምሞክረው ኪዩኢሙ በተባለው፥ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ በሚያሠራ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሊኑክስባዮስ ተብሎ የተጀመረውን ኮርቡትን ከምንጭ ኮዱ ገንብቼ አስነሣሁት። መስኮቱ ጨለማ ሆነ፤ ለካስ ኮርቡት ሥራውን የሚያስረክብለትን ሲባዮስን ሳልጨምር ኖሯል! ጨምሬ ስገነባው የሲባዮስ ስም ታየ።

በዚህ አሠራር መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አንድ ፋይል ብቻ ነው። የአባቴ ኮምፒውተር ግን ቺፑን በውጭ መጻፊያ እስክጽፍለት መደርደሪያ ላይ ይጠብቀኛል። ጓደኞቼ ሆይ፥ የቤተ ሰብ ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት በዚህ ተለማመዱ።