ተጨማሪ መረጃ፦ ሐኪሙ ገጣሚ
ዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ (1883–1963) ተወልዶ ያደገውም፣ ኖሮ የሞተውም በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ራዘርፎርድ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሕክምና አጥንቶ ከ40 ዓመት በላይ በሐኪምነት አገልግሏል። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞችና ስደተኞች ነበሩ። ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሕፃናትን ያክማል፣ እናቶችን ያዋልዳል፤ ፋታ ሲያገኝ ደግሞ ይጽፋል፣ አንዳንዴም በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ።

የግጥሙን ቋንቋ ያገኘው ከእነዚህ ሰዎች አንደበት ነው። በእሱ ዘመን የነበሩት ገጣሚዎች ኤዝራ ፓውንድና ቲ. ኤስ. ኤልየት አውሮፓ ተሻግረው ግጥማቸውን ከጥንታዊ መጻሕፍት በተወሰዱ ጥቅሶች ሲያበለጽጉ፣ እሱ የሰፈሩን ሰው የዕለት ተዕለት ንግግር መረጠ። በ1923 ያሳተመው ስለ አንድ ቀይ የእጅ ጋሪ የሚናገር ግጥም በእንግሊዝኛው 16 ቃላት ብቻ ነው ያሉት። ቤት አይመታም፤ የከበደ ቃልም የለበትም። ሆኖም ስንኞቹ እጅግ አጫጭር በመሆናቸው አንባቢው በየመስመሩ ቆም እያለ ዕቃውን አተኩሮ ለማየት ይገደዳል። የገጣሚው ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፤ ግጥሙን ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ይበልጥ ይረዳዋል።

በአቅራቢያው ስላለችው ስለ ፓተርሰን ከተማም በአምስት መጻሕፍት የወጣ ረጅም ግጥም ጽፏል። የፑሊትዘር ሽልማት የተሰጠው በ1963፣ ከሞተ በኋላ ነው።