ሱቅ ቢቃጠል ሰነድ እንዳይቃጠል፤ የቤተሰብ ወረቀትና ፎቶግራፍ የት ቢቀመጥ ያዋጣል?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው የእሳት ቃጠሎ የበርካታ ነጋዴዎችን ሱቅና ሸቀጥ አውድሟል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በቅድሚያ የሚቆጠረው የጨርቁ ጣቃ፣ የጫማው ካርቶንና የተቀመጠው ጥሬ ገንዘብ ነው። በመሳቢያ ውስጥ የነበረው የወረቀት ኪሳራ ጎልቶ የሚወጣው ግን ዘግየት ብሎ ነው። ነጋዴው ኢንሹራንስ ዘንድ ሲቀርብ ምን ያህል ዕቃ እንደነበረው በማስረጃ አሳይ ይባላል። ባንክ ሲሄድ ውል፣ ግብር ቢሮ ሲሄድ ደረሰኝ ይጠየቃል። ሸቀጥ በብድርም በዱቤም ተመልሶ ሊሞላ ይችላል። የጠፋ የግዥ ደረሰኝ፣ የሽርክና ውል ወይም በሕይወት የሌሉ ወላጆች ብቸኛ ፎቶግራፍ ግን በየትኛውም ተራ ጅምላ አከፋፋይ የለውም።

እንደሚታወቀው ብዙ ነጋዴዎች ከንግዱ ወረቀት ጋር የቤቱንም ወረቀት እዚያው ሱቅ ውስጥ ባለው ካዝና ያስቀምጣሉ። የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ ውክልና፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ አንዳንዴም ኑዛዜ ሳይቀር በአንድ ቁልፍ ይዘጋባቸዋል። ካዝናው ከሌባ ይጠብቅ ይሆናል። ከእሳት መጠበቁ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂ ማዘጋጀት የኮምፒዩተር አዋቂዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው የት ይቀመጥ፣ በስንት ይቀመጥ፣ ማንስ ይክፈተው የሚል ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው የቱ ነው?

ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመገልበጥ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይደክመዋል። የሚያዋጣው ሰነዱን በሦስት መክፈል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ቢጠፋ ለመተካት ብዙ ደጅ መጥናት የሚጠይቀው ነው። ካርታ፣ ሊብሬ፣ የሽያጭና የብድር ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የንግድ ፈቃድ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው የሒሳብ ወረቀት ሲሆን ደረሰኝ፣ ዲክላራሲዮንና የባንክ መግለጫን ይይዛል። ሦስተኛው ፈጽሞ የማይተካው፣ ማለትም የቤተሰብ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ስካን የተደረገ ካርታ ካርታ አይደለም፤ ዋናውን ሰነድ ተክቶ ቤት አያሸጥም። ጥቅሙ ሌላ ነው። የሰነዱ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የፈረመው ክፍልና ማኅተሙ በቅጂው ላይ ስለሚታዩ ባለቤቱ ምትክ ሲጠይቅ ከዜሮ አይጀምርም። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያለፈ ውል ወይም ውክልናም ቁጥሩና ቀኑ ከታወቀ ከመዝገብ ለመፈለግ ይቀላል።

ለወረቀት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ የሆነ ስካን ይበቃል። ለአሮጌ ፎቶግራፍ ግን 600 ቢሆን ይመረጣል፤ በኋላ ላይ አጉልቶ ለማሳተም ያስችላል።

የማስቀመጫው ዓይነትና ጠባዩ

ፍላሽ በገበያው በብዛት የሚገኝና ቀላል ዕቃ ነው። ይሁንና ለማጓጓዣ እንጂ ለዘለቄታ ማስቀመጫ አይመከርም። በውስጡ ያለው መረጃ የተያዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ ለዓመታት ሳይሰካ ቢቀመጥ ሊደክም ይችላል። ከዚህ የባሰው ችግር አስመስሎ የተሠራው ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ 512 ጊጋባይት ተጽፎበት፣ ኮምፒዩተሩም 512 ብሎ እያነበበው፣ እውነተኛ አቅሙ ግን የዚያ ጥቂት እጅ የሆነ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ በዓለም ገበያ በብዛት ይዘዋወራል። ገዢው ፋይሉን ሲገለብጥ ምንም ስህተት አያይም። ሲከፍተው ግን ከተወሰነ መጠን በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ወይም የተበላሸ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ አዲስ ፍላሽ የገዛ ሰው አንድም ፋይል ሳያስገባ በነፃ የሚገኝ የመፈተሻ ፕሮግራም ተጠቅሞ እስከ ጫፍ ሞልቶ ማንበብ አለበት።

ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ለብዙ ፎቶግራፍ ርካሹ መጋዘን ነው። አንድ የስልክ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ነው ቢባል፣ አንድ ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ከ300,000 በላይ ፎቶግራፍ ያከማቻል። ጉድለቱ በውስጡ የሚሽከረከር ክፍል ስላለው መውደቅ አለመውደዱ ነው። ሁልጊዜ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ ከተተወ ደግሞ ኮምፒዩተሩን ያገኘው ሁሉ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ፋይሎች ቆልፎ ለመክፈቻ በቢትኮይን 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለው ቫይረስ የተሰካ ዲስክንም አይምርም። ተነቅሎ በመሳቢያ የተቀመጠ ዲስክ ግን አይነካም።

ሲዲና ዲቪዲ የበርካታ የሠርግ ቪዲዮዎች ማደሪያ ሆነው ቆይተዋል። በቤት ውስጥ የሚቀዳው ሲዲ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ በመሆኑ በሙቀትና በፀሐይ ይበላሻል። ማጫወቻ ያለው ኮምፒዩተርም እየጠፋ ነው። የሠርጉን ሲዲ እስካሁን ያልገለበጠ ቤተሰብ ቢፈጥን ይሻለዋል።

ቴሌግራም የብዙ ነጋዴ የማይታወቅ መዝገብ ቤት ሆኗል። ደረሰኙን፣ ካርታውን፣ የልጆቹን ፎቶ ለራሱ እየላከ የሚያስቀምጥ ጥቂት አይደለም። ከምንም ይሻላል። ሆኖም ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል፤ በፋይል መልክ የተላከ ግን እንዳለ ይቀመጣል። አካውንቱ ለተወሰነ ጊዜ ካልተከፈተ ራሱን ይሰርዛል። ከሁሉም በላይ ቁልፉ የስልክ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ከገባ ሰነዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማብራት የግድ ነው።

ክላውድ የሚባለው በኢንተርኔት በኩል በሩቅ ኮምፒዩተር ላይ የማስቀመጥ አገልግሎት ነው። ሱቁም ቤቱም በአንድ ቀን ቢቃጠል የማይነካ መሆኑ ትልቁ ብልጫው ነው። ጎግል 15 ጊጋባይት፣ አፕል ደግሞ 5 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ። 15 ጊጋባይት ማለት በቀደመው ስሌት 5,000 ያህል ፎቶግራፍ ነው። ለወረቀት ሰነድ ይበቃል፤ ለቪዲዮ ግን ቶሎ ያልቃል። ጎግል ፎቶግራፍን ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጡንም ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አቁሟል።

ክላውድም ቢሆን እንከን አያጣውም

ስሙ ደመና ቢሆንም ዕቃው ያለው ምድር ላይ ነው፤ ምድር ላይ ያለ ነገር ደግሞ ይቃጠላል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የሚገኘው ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ተቃጥሎ አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወድሟል። ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች መረጃቸው በዚያው ቀርቷል። ማይስፔስ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽም ዕቃውን ወደ አዲስ ኮምፒዩተሮች ሲያዛውር ደንበኞች ለ12 ዓመታት ያስገቧቸው ሙዚቃዎችና ፎቶግራፎች መጥፋታቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ተሰምቷል።

ሁለተኛው እንከን የመስመር ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ውሉን በክላውድ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ውሉ አለ፤ ግን የለም።

ሦስተኛው ክፍያ ነው። ጎግል ለ100 ጊጋባይት በአሜሪካ ዋጋው በወር 1.99 ዶላር ያስከፍላል። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የተተመነ የወር ክፍያ በብር ሲሰላ ከፍ ብሏል። በዚህ ምክንያት ወጪውን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ የሚሸፍንለት ቤተሰብ አለ። መላው መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘመድ ክፍያውን ያቋረጠ ዕለት የሚሆነው አስቀድሞ ይታሰብበት።

አራተኛው ብዙዎችን የሚያሳስት ነው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶና ክላውድ ላይ ያለው ቅጂ የተቆራኙ ናቸው። ስልኩ ሞላ ብሎ ከጎግል ፎቶስ ላይ የሰረዘ ሰው ክላውዱንም ሰርዟል። የተሰረዘው በቅርጫት የሚቆየው 60 ቀን ነው፤ በአፕል 30 ቀን። ከዚያ በኋላ ነገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። ጎግል ለ2 ዓመት ያልተከፈተን አካውንት የመሰረዝ ደንብም አለው።

የሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ስሌት

እንግዲህ ያለ እንከን የሆነ ማስቀመጫ ከሌለ መፍትሔው ማከፋፈል ነው። ነጋዴ ሸቀጡን ሁሉ በአንድ መጋዘን እንደማያከማች ሁሉ ሰነዱንም መበተን አለበት። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀውና በሙያው የተለመደው ስሌት 3-2-1 ይባላል። በጠቅላላው ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት የተለያየ ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤትና ከሱቅ ውጪ ይሁን።

በአዲስ አበባ ላለ ቤተሰብ ይህ ሲተረጎም አንደኛው ቅጂ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በክላውድ ይሆናል። ክላውድ የማይመቸው ሰው ሁለተኛ ዲስክ ገዝቶ ሌላ ሰፈር ባለ ወንድም ወይም እህት ቤት ቢያስቀምጥ ስሌቱ ይሞላል። ሱቁ መርካቶ፣ ዲስኩም መርካቶ ከሆነ ግን ሁለት ቅጂ አለ ማለት አይቻልም።

ካዝናን በተመለከተ ደግሞ የተዘነጋ ነገር አለ። ዩ.ኤል. በተባለው የአሜሪካ ደረጃ ለወረቀት የተሠራ እሳት ተከላካይ ካዝና በቃጠሎ ጊዜ ውስጡ ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ይፈተሻል። ወረቀት ይህን ይችላል። ለኮምፒዩተር ማስቀመጫ የሚሠራው ካዝና ግን እንደ ዓይነቱ ከ66 ወይም ከ52 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ካርታው በተረፈበት ካዝና ውስጥ ሃርድ ዲስኩ ሊቀልጥ ይችላል። ካዝና የሚገዛ ሰው ክብደቱንና ቁልፉን ብቻ ሳይሆን የደረጃ ምልክቱን ይጠይቅ።

ምስጢሩና ወራሹ

ቅጂ በበዛ ቁጥር የሚያየውም ሰው ይበዛል። የባንክ መግለጫና የመታወቂያ ቅጂ በወደቀ ፍላሽ ላይ ቢገኝ በባለቤቱ ስም ለማጭበርበር መንገድ ይከፍታል። ከቤት የሚወጣ ዲስክ በይለፍ ቃል መቆለፍ አለበት። ከፊል የዊንዶውስ ዓይነቶች ቢትሎከር የተባለውን መቆለፊያ ይዘው ይመጣሉ፤ ቬራክሪፕት የተባለው ደግሞ በነፃ ይገኛል። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ዲስኩ ከተቃጠለው አይለይም። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከዲስኩ ተለይቶ ዋናው ኑዛዜ ባለበት ቢቀመጥ ባለቤቱ ድንገት ቢሞት ወይም ቢታመም ቤተሰቡ አይቸገርም። ጎግልና አፕልም አካውንቱን ወደፊት የሚረከብ ሰው አስቀድሞ ለማስመዝገብ ያስችላሉ።

የመጨረሻው ሥራ ፍተሻ ነው። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳልተቆጠረ ሸቀጥ ነው፤ አለ ተብሎ የሚታመን እንጂ መኖሩ ያልተረጋገጠ። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋና ቆጠራ ሲደረግ ዲስኩን ሰክቶ አሥር ያህል ፋይል መክፈት፣ የዓመቱን ደረሰኝ መጨመር፣ ያረጀ ዲስክ ካለ በአዲስ መተካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ለማድረግ አደጋን የሚጠብቅ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል። ዛሬ ሊጀመር የሚችለው ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ካርታውን፣ ሊብሬውንና ውሉን ስካን አድርጎ ከሱቁ ውጪ አንድ ቦታ ማኖር።