ነጠላው ከመሸመኑ በፊት

ነጠላ ሊገዛ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥለቱን ነው። ሻጯም ይህን ስለምታውቅ ነጠላውን የምትዘረጋው በጥለቱ በኩል ነው። ቀለሙ ይመረጣል፣ ስፋቱ በጣት ይለካል፣ «ይሄ የዘንድሮ ዲዛይን ነው» ይባላል፤ ከዚያ የዋጋ ክርክሩ ይጀመራል። ከጥለቱ በላይ ያለውን ሰፊውን ነጭ ግን ዳሰስ አድርጎ የሚያልፈው ይበዛል፤ ቆም ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። የሸማ ሥራ አብዛኛው ድካም ያለው እዚያ ነጩ ላይ ነው። እሱም ቢሆን ሸማኔው ሥራው ላይ ከመቀመጡ በፊት ሌሎች የደከሙበት ነው።

ከጥጡ እንነሳ። ከነፍሬው የተለቀመ ጥጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና በቀጭን የብረት ዘንግ ይዳመጣል። ዘንጉ ሲንከባለል ፍሬው ተፈናጥሮ ወደ ፊት ይወጣል፣ ጥጡ ወደ ኋላ ይቀራል። የተዳመጠው በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት እየነዘረ ሲመታው የተጣበቀው ይፍታታል፣ አቧራውና ስብርባሪው ይራገፋል፣ የሚቀረው ባዘቶ ነው። ባዘቶ በእጅ ሲያዝ ክብደት ያለው አይመስልም።

ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ ጫፉን ከእንዝርቱ ጋር ታያይዛለች። የእንዝርቱን ዘንግ ጭኗ ላይ በመዳፏ ገፋ ታደርገውና ታሾረዋለች፤ እሱ ሲሾር ባዘቶ የያዘው እጇ እየራቀ ክሩን ይስባል። ክሩ የሚወፍረውም የሚቀጥነውም በዚያች ቅጽበት፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ነው። ጣቶቿ ከላሉ ክሩ ይጎረብጣል፣ ከጠበቁ ይበጠሳል። ክንድ ያህል ሲፈተል ሽክርክሪቱ ይቆምና የተፈተለው እንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ከዚያ እንደገና። ይህን ሁሉ ስታደርግ ዓይኗ እጇ ላይ የማይሆንበት ጊዜ ይበዛል። ቡና ሲፈላ ትፈትላለች፣ ጎረቤት መጥቶ ሲያወራ ትፈትላለች፣ ልጅ እየተቆጣች ትፈትላለች። በትርፍ ሰዓቷ ለምትሠራ ሴት የአንድ ጋቢ ፈትል የሳምንታት ሥራ ነው። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ የሚበላው ክር ብዙ ነው።

ጥጥ በአካባቢያችን የቆየ ነገር ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በኖባ ሕዝብ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ እንኳ የእህልና የጥጥ ጎተራ ማጥፋቱን ያወሳል። ከዚያ ዘመን ወዲህ እንዝርቱ ብዙ አልተለወጠም። የተለወጠው ለየትኛው ክር ይሾር የሚለው ነው።

ማንኛውም ሸማ ድርና ማግ አለው። ድሩ በርዝመቱ ተወጥሮ የሚቀመጠው ክር ነው፤ ማጉ በወርዱ እየተመላለሰ የሚገባው። ሁለቱ እኩል አይደክሙም። ድሩ ሥራው እስኪያልቅ እንደተወጠረ ይቆያል፣ በእያንዳንዷ ምት ይፈተጋል፣ ከፍ ዝቅ እየተባለ ይጎተታል። የሳሳ ቦታ ካለው ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር ሸማኔው ሥራውን አቁሞ ክሩን መቀጠል አለበት። ስለዚህ ለድር የሚፈተል ክር ቀጭንም ጠንካራም መሆን ይገባዋል፣ ያም ሆኖ እንዲጠና ቀጭን የዱቄት ሙቅ ይጠጣል። ማጉ ግን ገብቶ ይተኛል። ወፍራምና ለስላሳ ቢሆን ምንም አይደለም፤ እንዲያውም የጋቢ ሙቀት ያለው እዚያ ልል ማግ ውስጥ ነው።

ፋብሪካ ሲመጣ መጀመሪያ የወሰደው ድሩን መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ፤ ከውጭ የሚገባ ክርም ነበር። ሸማኔው የማይበጠስ ድር አገኘ፤ ማንም ይህን ጠልቶ አያውቅም። ማጉ ግን የእናቶች ሆኖ ቆየ። ዛሬ ገበያ ላይ «ፈትል» እየተባለ የሚሸጠው ሸማ አብዛኛው ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ነው። ማጉም የፋብሪካ የሆነበት ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው።

ወደ ሸማኔው ሰፈር እንውጣ። ሽሮ ሜዳ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ያለ ነው። ዋናው መንገድ የሱቅ ነው፤ ሥራው ያለው ከሱቁ ጀርባ ዳገቱን ይዞ በሚወጣው ቅያስ ነው። እዚያ ጠዋት ላይ ድር ሲደራ ይታያል። መሬት ላይ እንጨቶች ይተከሉና ሰውየው ክሩን ይዞ ይመላለሳል፤ ክሮቹ መሐል ላይ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው እንዲተላለፉ ያደርጋል። ይህች መተላለፍ ከጠፋች የክሮቹ ተራ ይፋለሳል፣ ያ ሁሉ ድር ውል አልባ ሆኖ ይቀራል። ድሩ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ክር ድሩን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ቀለበት በኩል፣ ከዚያም ማጉን በሚያጠጋው መምቻ ጥርሶች መካከል ይሾልካል። ይህን በየጊዜው ከባዶ መጀመር የሚያስመርር በመሆኑ፣ ብልሁ ሸማኔ የአሮጌውን ድር ጫፍ ሳያወጣ ያቆየውና አዲሱን አንድ በአንድ እየጠመዘዘ ይቀጥልበታል።

ሸማኔው የሚቀመጠው ጉድጓድ አፍ ላይ ነው፤ እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫዎቹ ላይ ናቸው። አንዱን ሲረግጥ ግማሹ ድር ከፍ ይላል፣ ሌላውን ሲረግጥ ሌላው ግማሽ። በተከፈተው መሐል መወርወሪያውን በቀኝ እጁ ይልከዋል፣ በግራው ይቀበለዋል፤ መምቻውን ወደ ራሱ ስቦ ማጉን ያጠጋል። ይረግጣል፣ ይወረውራል፣ ይመታል። ዕቃው እንጨትና ገመድ ነው፤ ተፈትቶ በትከሻ ሊሄድ ይችላል። የሸማው ወርድ በሁለቱ ክንዶች ስፋት የሚወሰን ስለሆነ ነጠላም ጋቢም መሐሉ ላይ ስፌት አለው፤ ሁለት ወርድ ተጋጥሞ የተሰፋ ነው። ያቺን ስፌት እንደ ጉድለት የሚያያት ገዢ አለ። እሷ ግን የእጅ ውርወራ ምልክት ናት፤ መወርወሪያውን በገመድ የሚያስፈነጥረው የቆመ ዘመናዊ መሣሪያ ሰፊ ወርድ ስለሚያወጣ ስፌት አያስፈልገውም።

ወደ ጥለቱ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ጥበብ የሚባለው ባለ ቀለም ሥራ የሚገባው ከመደበኛው ማግ በተጨማሪ ነው፤ ሸማኔው የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፣ ባለ ቀለሙን ክር ያሳልፋል፣ ከዚያ አንድ ተራ ነጭ ማግ መትቶ ያጸናዋል። ቀጥሎ ያለው ተራ ሌላ ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ የለም። አንዱን ክር የሳተ ሸማኔ ስህተቱን የሚያየው ጥቂት ተራ ከሄደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መፍታት ነው። ለሙሽራ ቀሚስ ከእግር እስከ ደረት ጥበብ ሲታዘዝ ሂሳቡ ለምን እንደሚንር የሚገባው ይህን ያየ ብቻ ነው።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አብዛኞቹ የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ደጋ አካባቢዎች ልጆች ናቸው፤ አገራቸው ከአርባ ምንጭ በላይ ጨንቻ አካባቢ ነው። ወደ አዲስ አበባ መምጣት የጀመሩት ምኒልክ አካባቢውን ካስገበሩ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚል ልዩነት አለ። በሰሜኑና በመሐሉ አገር ሸማኔ ሲናቅ ኖሯል፤ «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ለእሱ የወጣ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር በመስደዱ ነው። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም፣ መቼስ። በጋሞ ግን ሸመና ሰውን ከማዕረጉ አያወርድም፤ እዚያ የተናቁት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ነበሩ። ዶርዜው ሸማኔ አዲስ አበባ የገባው ከእጅ ሥራው ጋር አብሮ የሚመጣ ሐፍረት ሳይሸከም ነው ማለት ይቻላል።

የሙያው ትምህርት ቤት የአባት ቤት ነው። ልጅ የሚጀምረው ማግ በማድወር፣ ማለትም ክሩን መወርወሪያው ውስጥ በሚገባው ቀሰም ላይ በመጠምጠም ነው። ቀጥሎ የተበጠሰ ድር ይቀጥላል፤ ከዚያ አባቱ ሲነሣ ተቀምጦ ነጩን ይሠራል፤ ጥለቱ የሚፈቀድለት በመጨረሻ ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፣ ልጁ የራሱ ልጅ እስከሆነ ድረስ። ሕፃናትን ከጋሞ ደጋ «ላስተምራቸው» እያሉ አምጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ጉድጓድ አፍ ላይ ማስቀመጥ ግን የሰፈሩ አሮጌ ቁስል ነው፤ በጥበብ ስም ሊሸፈን አይገባም።

ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። በጋሞም፣ በጎንደርም፣ በሸዋም ልማዱ ይኸው ነው፤ የገንዘቡም መንገድ ይህን ይከተላል። ሸማው ሲሸጥ ስሙም ብሩም ከሸማኔውና ከነጋዴው ጋር ይቀራል። በሥልጠናም እንደዚያው ነው፤ ለሸማኔ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ዲዛይን፣ የመሥሪያ ሼድ ይታሰባል፣ ለፈታይዋ የሚታሰብ ነገር ብዙም አይታይም። ከቤት ሥራዋ ጎን ለጎን ስለምትፈትል ሥራ አይመስልም ይሆናል።

ልማዱ የተገለበጠበት ቦታ አለ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ የወንድና የሴት ሥራ ብሎ አይለይም። የእርሻ መሬታቸው ጥቂት በመሆኑ ሸመናን ዋና መተዳደሪያቸው አደረጉት፤ እዚያ ወንድ ሲፈትል፣ ሴት መወርወሪያ ስትወረውር ማየት የተለመደ ነው። ጎብኚው ፎቶ የሚያነሣው ሸማኔዋን ነው። እኔ የምገረመው በፈታዩ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥም ፈትልን ከፍ አድርጎ የሚሸጥ አለ። ሳባሃር የሚባለው ድርጅት ጉሎ ቅጠል ከሚበላ የሐር ትል የሚገኘውን ሐር በእጅ አስፈትሎ ያሸምናል፤ ሻርፑ ውጭ አገር የሚፈለገውም በዚያ ወጥነት በሌለው የእጅ ክር ነው። የውጭው ገዢ ጉርብጥብጡን ክር ፈልጎ ሲከፍልበት የእኛው ገዢ እንከን ብሎ ዋጋ ያስቀንስበታል።

አሁን ገበያውን ያጨናነቀው ግን ሌላ ነው። ከውጭ የሚገባ፣ ጥለቱ የታተመበት ጨርቅ ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ይመስላል፤ ዋጋውም ከእጁ በጣም ያነሰ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ በታኅሣሥ መጨረሻ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲያጥረው ወደዚያ ቢያይ አይፈረድበትም። አሜሪካ፣ ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውም ሙሽራ የሚዜዎቿን ቀሚስ ሁሉ በእጅ ላሠራ ብትል አትችለውም። የታተመውን ከእውነተኛው መለየት ግን ቀላል ነው፤ ጀርባውን መገልበጥ ይበቃል። የእጅ ጥለት ጀርባው ላይ የክሩ መተላለፊያ ይታያል፣ የታተመው ገርጥቶ ይቀራል።

ከባዱ የእጅ ፈትልን መለየት ነው። ነጩን ወደ ብርሃን ይዞ ማየት ነው፤ ማጉ በአንድ ቦታ ወፈር፣ በሌላው ሳሳ ካለ ጣት የነካው ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ የፋብሪካ ነው። የእጁ ሲነካ ይለሰልሳል፣ መጀመሪያ ሲታጠብ ጠቅለል ብሎ ያጥራል፣ ከዚያ በኋላ እየቆየ ይለዝባል። ሻጯ «ሙሉ በሙሉ ፈትል ነው፣ እናቴ» ስትል ደግሞ ድሩስ ብሎ መጠየቅ አይከፋም። አብዛኞቹ ይስቁና «ድሩማ የፋብሪካ ነው፣ ማን ድር ይፈትላል ዛሬ» ይላሉ።