የጎደለው ናፍጣ የት ገባ?

አንድ የቦቴ ሾፌር ከጅቡቲ በ36 ዲግሪ ሴልሺየስ 40,000 ሊትር ናፍጣ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ እንበል። ናፍጣው በደጋው አየር ቀዝቅዞ 16 ዲግሪ ሲደርስ ተረካቢው ቢለካው 660 ሊትር ያህል ይጎድላል። ቧንቧው አላፈሰሰም፤ ሾፌሩም አልሸጠም። ይሁንና በሊትር ብቻ የተጻፈ ሰነድ ሾፌሩን ሌባ ያደርገዋል።

ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከይዘቱ 0.083 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ወይም ይኮማተራል። መጠነ ቁሱ ያው ነው፤ የተለወጠው እፍጋቱ ነው። ስለዚህም በዓለም የነዳጅ ንግድ ይዘቱ ወደ አንድ መነሻ ሙቀት፣ በብዙ አገሮች ወደ 15 ዲግሪ፣ ተመልሶ ይሰላል። ለዚህ ሃይድሮሜትርና ቴርሞሜትር ይበቃሉ።

እፍጋት እንግዲህ ጨዋ መጠን ነው፤ በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ በቀጥታ መስመር ሊገለጽ ይችላል። ዝልግልግነት፣ ማለትም ፈሳሹ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢተኝነት፣ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገራም። በ25 ዲግሪ የሄክሳን እፍጋት በሚሊ ሊትር 0.655 ግራም፣ የሄክሳዴካን ደግሞ 0.770 ግራም ነው። የካርቦኑ ሰንሰለት ከ6 ወደ 16 ሲረዝም እፍጋቱ የጨመረው 18 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ዝልግልግነቱ ግን ከ0.30 ወደ 3.0 ሚሊ ፓስካል ሴኮንድ፣ 10 እጥፍ አደገ!

ዝልግልግነትን ለመለካት ፈሳሹ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚወርድበትን ጊዜ እንቆጥራለን። ፍሰቱ ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ በሬዲየሱ ላይ የ1 በመቶ ስሕተት በውጤቱ ላይ 4 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ቱቦው ዝልግልግነቱ አስቀድሞ በታወቀ ፈሳሽ ይፈተሻል። ሙቀቱም እንዲሁ ጥብቅ ቁጥጥር ይሻል። የዚህ ጸሐፊ በዶክትሬት ጥናቱ ዘመን የውኃ ገንዳው ሙቀት በግማሽ ዲግሪ መዋዠቁን ሳያስተውል ቀርቶ የአንድ ሳምንት ንባብ ጥሏል፤ ሄክሳዴካን በ1 ዲግሪ ልዩነት 2 በመቶ ያህል ይለወጣልና።

ንባቦቹን ወደ ቀመር የምናመጣው እ.ኤ.አ. በ1930 አንድሬድ ባቀረበው መንገድ ነው፤ የዝልግልግነቱ ሎጋሪዝም ከፍጹም ሙቀት ግልባጭ ጋር ሲነደፍ ቀጥታ መስመር ይሰጣል። ሞለኪውሉ ጎረቤቶቹን ገፍቶ ለማለፍ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ሙቀት ይህን ጉልበት ይለግሰዋል።

ከ25 እስከ 60 ዲግሪ የተለካ ሄክሳዴካን መስመሩን በሚገባ ይከተላል። መስመሩን ወደ 10 ዲግሪ ብናስረዝመው ቀመሩ ያለ አንዳች ማመንታት ቁጥር ይሰጠናል። ሄክሳዴካን ግን በ18 ዲግሪ ገደማ ይረጋል፤ በአዲስ አበባ ብርድ ማለዳ ጠርሙሱ ቢገለበጥ አንዲት ጠብታ አትወርድም።