ሳይቶሜጋሎቫይረስ በሕዝብ ዘንድ ምን ያህል ተስፋፍቷል?

ስለ ኤች.አይ.ቪ. ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። ከእርሱ እጅግ በላቀ ስፋት የተሠራጨው ሳይቶሜጋሎቫይረስ ግን ስሙ እንኳ እምብዛም አይታወቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የቫይረሱን ምንነት፣ የሥርጭቱን መጠንና የአለካኩን ዘዴ እንመለከታለን።

ሳይቶሜጋሎቫይረስ አልማዝ ባለጭራን ከሚያስከትለው ቫይረስ ጋር በሄርፐስ ቤተሰብ ይመደባል። በግሪክኛ «ሳይቶ» ሕዋስን፣ «ሜጋሎ» ግዙፍን ያመለክታል። የወረራቸው ሕዋሳት ያብጣሉና፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም የጉጉት ዓይን ይመስላሉ። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1960 የሰጠው ቫይረሱን ለይተው ካወጡት ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ቶማስ ዌለር ነው።

ቫይረሱ በምራቅ፣ በሽንት፣ በእናት ጡት ወተት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደምና በተለገሰ የአካል ክፍል ይተላለፋል። ጤናማ ሰው ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አይታይበትም። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ደም በሚያመነጩ የመቅኔ ሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ያደፈጠን ቫይረስ በቀጥታ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች በደም ውስጥ የሚፈልጉት አይ.ጂ.ጂ. የተባለውን ፀረ-አካል ነው። ይህ ፀረ-አካል መገኘቱ ሰውየው ቀደም ሲል መያዙን እንጂ መታመሙን አያሳይም።

በአሜሪካ ከ1988 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 59 በመቶ ያህሉ ፀረ-አካሉ ተገኝቶባቸዋል። ከ6 እስከ 11 ዓመት ባሉት ሕፃናት 36 በመቶ የነበረው መጠን፣ 80 ዓመት ባለፋቸው 91 በመቶ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ግምገማ ደግሞ የዓለምን አማካይ 83 በመቶ አድርጎ ገምቶታል። ኑሮ በተጨናነቀባቸው አገሮች አብዛኛው ሰው ገና በልጅነቱ ይያዛል።

ታዲያ ይህን ያህል የተለመደ ቫይረስ ለምን ያሳስበናል? የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ የኤድስ ሕሙማን ዓይንን እስከ ማሳወር ይደርሳል። ፅንስንም ያጠቃል። በአሜሪካ ከ200 ሕፃናት 1 ያህሉ ቫይረሱን ይዞ ይወለዳል፤ ከእነዚህም ከ5 አንዱ የመስማት ችግርን ለመሰለ ዘላቂ ጉዳት ይዳረጋል።

ሁሉም እናቶች አስቀድመው ተይዘው ከሆነ ፅንሱ ይድናል የሚል ግምት ሊኖር ይችላል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። ያደፈጠው ቫይረስ ዳግም ሊነቃ፣ ወይም እናቲቱ በሌላ ዝርያ እንደገና ልትያዝ ትችላለች። በመሆኑም ሥርጭቱ ከፍተኛ በሆነባቸው አገሮች ቫይረሱን ይዘው የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር ከሌሎቹ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል።

ለዚህ ቫይረስ እስካሁን የጸደቀ ክትባት የለም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናቶች የሕፃናትን ሽንት ጨርቅ ከለወጡ ወይም ንፍጣቸውን ከጠረጉ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ቢታጠቡ፣ ከሕፃናትም ጋር በአንድ ማንኪያ ባይመገቡ መልካም ነው እንላለን።